ምጽዋት፣ ችሮታ፣ ዕዳ፦ የተማሪ ሁለንተናዊ ደኅንነት በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ



የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው «የተማሪው ሁለንተናዊ ደኅንነት» በምንለው ጉዳይ ላይ ነው። ሐረጉ የሰውን አካል፣ አእምሮ፣ መንፈስ፣ ማኅበራዊ ግንኙነትና የሥራ ተስፋ በአንድነት መመልከትን ያመለክታል። ብዙ ጊዜ የሚነሣው በጤና ባለሙያዎችና በሥነ ልቡና መምህራን ነው። እኔ ግን በታሪክ ዐይን ልመለከተው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ረጅም ታሪክ ያለው ሲሆን፣ ታሪኩም ዛሬ ለምንወስናቸው ውሳኔዎች የሚበጅ ትምህርት ይዟል።

የማቀርበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ተማሪን ማብላት፣ ማስጠለልና መንከባከብ ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እስከ ዛሬ በሚገባ ያልተመለሰው ጥያቄ፣ ይህ እንክብካቤ በምን ስም ይሰጣል የሚለው ነው። በታሪካችን ሦስት ስሞች ተፈራርቀውበታል፤ በአብነት ትምህርት ቤት ምጽዋት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ኮሌጅ ችሮታ፣ በዘመናችን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዕዳ። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ተማሪው ስለ ራሱ ያለው ግምትም አብሮ ተለውጧል።

ሐሳቡ በውጭው ዓለም የተጓዘበት መንገድ

ወደ ሀገራችን ከመመለሳችን በፊት፣ ዛሬ በየጉባኤው የምንሰማው ሐሳብ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ እንይ።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው የአምኸርስት ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዊልያም ስተርንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ዓመታት የተማሪዎቹ ጤና በጥናት ብዛትና በእንቅስቃሴ እጦት እየተጎዳ መሄዱ ያሳስባቸው ነበር። ከዚህ የተነሣ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1861 ኤድዋርድ ሂችኮክ የተባሉትን ሐኪም የጤና አጠባበቅና የአካል ማጎልመሻ መምህር አድርጎ ሾመ። ሂችኮክ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተማሪዎቹን አካል እየለኩ፣ በሽታቸውን እየመዘገቡ፣ በጂምናዚየም እያሠሩ ኖሩ። እዚህ ላይ ጥያቄው የአካል ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1910 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጀመረ። መነሻው፣ ችሎታ ያላቸው ተማሪዎች በስሜት ችግር ምክንያት ትምህርታቸውን እያቋረጡ መሄዳቸው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በመመሥረቻ ጽሑፉ ጤናን ከበሽታ ነጻ ከመሆን ባለፈ የተሟላ የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደኅንነት አድርጎ ተረጎመው። ይህን ተከትሎ ሐኪሙ ሃልበርት ደን እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት መጽሐፍ ደኅንነት ደረጃ ያለውና ሊያድግ የሚችል የኑሮ ይዘት መሆኑን አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ስቲቨንስ ፖይንት ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ቢል ሄትለር ደኅንነትን በስድስት ዘርፍ ከፈሉት፤ እነዚህም የአካል፣ የስሜት፣ የአእምሮ፣ የመንፈስ፣ የማኅበራዊ ግንኙነትና የሥራ ዘርፎች ናቸው።

በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2015 በካናዳ ኬሎና በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የኦካናጋን ቻርተር ወጣ። ቻርተሩ ጤና በክሊኒኩ ብቻ የሚጠበቅ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው አስተዳደር፣ ሥርዓተ ትምህርትና የዕለት ተዕለት ባህል ውስጥ ሊገባ የሚገባው ጉዳይ መሆኑን አወጀ።

ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር እናስተውላለን። ጥያቄው ከተማሪው አካል ተነሥቶ ወደ አእምሮው፣ ከአእምሮው ወደ ኑሮው፣ ከኑሮውም ወደ ተቋሙ ተሸጋገረ። መጀመሪያ የተመረመረው ተማሪው ነበር፤ በመጨረሻ የተመረመረው ዩኒቨርሲቲው ሆነ። አሁን ይህንኑ መመርመሪያ ይዘን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ።

ምጽዋት፦ የአብነት ትምህርት ቤት

በቅኔ ከሚታወቁት ከዋሸራና ከጎንጅ፣ በዜማ ከሚታወቁት ከቤተልሔምና ከዙር አባ ጉባኤ ቤቶች የወጡ ሊቃውንት፣ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ርቀው የተማሩ ናቸው። ተማሪው ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት እያለ ሲያልፍ ከአንዱ የኔታ ወደ ሌላው የኔታ በእግሩ ይጓዛል። ልብሱ ደበሎ ነው፤ ማደሪያው ራሱ ወይም ከእሱ በፊት የነበረ ተማሪ የሠራት ጎጆ ናት።

ምግቡን የሚያገኘው ከመንደሩ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻውን ጩኸት እየፈራ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። የተሰጠው ቁራሽ ከተረፈ ያደርቀውና ድርቆሽ አድርጎ ያቆየዋል። «የቆሎ ተማሪ» የሚለው ስምም የመጣው ከዚሁ ኑሮ ነው።

ይህ ሥርዓት በዛሬው መለኪያ ቢታይ ብዙ ጉድለት ይገኝበታል። ተማሪው ሲታመም የሚያክመው ተቋም አልነበረም፤ የሚያስታምሙት የጎጆ ጓደኞቹ ነበሩ። ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ጉባኤው ይበተናል። ሴቶች ከሞላ ጎደል ከዚህ ዓለም ውጭ ነበሩ። ረኃብና ብርድ የትምህርቱ አካል ተደርገው ይቆጠሩ ስለ ነበር፣ መከራን የማክበር ልማድ መከራን ለማስወገድ የሚደረገውን ጥረት ያዘገየዋል።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ዛሬ በብዙ ወጪ የምንፈልጋቸው ሦስት ነገሮች ነበሩት። አንደኛ፣ ተማሪው የመንደሩ ሁሉ ኀላፊነት ነበር፤ ስሙን የማታውቅ እናት ከልጆቿ ማዕድ ቆርሳ ትሰጠዋለች። ሁለተኛ፣ ብቻውን የሚማር ተማሪ አልነበረም፤ ቀለሙን ከየኔታ የተቀበለ ታላቅ ለታናሹ ያስቀጽላል፤ የዕውቀቱ ቅብብሎሽ የኑሮ ትስስርም ነበር። ሦስተኛ፣ ዐይነ ስውር የሆነ ልጅ በቃል በሚሰጠው ትምህርት ከእኩዮቹ ጋር ተካክሎ ለመምህርነት መብቃት ይችል ነበር።

ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባን የምጽዋቱ ጠባይ ነው። ሰጪዋ የምትሰጠው ለነፍሷ ብላ ስለ ሆነ፣ ተማሪው ቅኔው ባይሳካለት ወይም ከየኔታው ቢጋጭ ቁራሿን አትከለክለውም። እንጀራውና ውጤቱ በሁለት የተለያዩ እጆች ውስጥ ነበሩ። ተማሪው ድሃ ነበር፤ ነገር ግን በእንጀራው የሚያስፈራራው መምህር አልነበረም።

ችሮታ፦ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ኮሌጅ

በ1942 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም ይህ ሁሉ ተለወጠ። ኮሌጁን የመሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የመጡ ጥቂት ወጣቶች ትምህርት፣ መኝታና ምግብ በነጻ ይሰጣቸው ነበር። የኢየሱሳውያን የትምህርት ልማድ «ኩራ ፐርሶናሊስ» የሚል የላቲን ሐረግ አለው፤ ተማሪውን በግሉ አውቆ፣ እንደ ሙሉ ሰው ተመልክቶ መያዝ ማለት ነው። አነስተኛ ቁጥር ያላቸው ተማሪዎች ከመምህራን ጋር በአንድ ግቢ በሚኖሩበት ኮሌጅ፣ እንዲህ ያለው አያያዝ የሚቻል ነበር።

የአንድ ተማሪ ምግብ፣ መኝታ፣ ትምህርትና ሥነ ሥርዓት በአንድ ተቋም እጅ ገባ። ከዚህ የተገኘውን ጥቅም ማሳነስ አይገባም። ከገጠር የመጣ የድሃ ልጅ ከመኳንንት ልጅ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጠ። ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከትግርኛና ከሌሎችም ቋንቋዎች የመጡ ወጣቶች በአንድ መኝታ ቤት አደሩ። ከ1950ዎቹ መባቻ ጀምሮ ከሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች በንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ዕድል የመጡ ተማሪዎች ሲጨመሩበት፣ መኝታ ቤቱ ራሱ የትምህርት ክፍል ሆነ።

ነገር ግን ስጦታው ባለቤት ነበረው። ንጉሠ ነገሥቱ ኮሌጁን ይጎበኛሉ፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በስማቸው ተሰይሞ ሲመረቅም ቻንስለሩ እሳቸው ነበሩ፤ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውንም ለዩኒቨርሲቲው ሰጥተዋል። ተማሪው የሚበላው እንጀራ የአባት እንጀራ ነው ተብሎ ይነገረው ነበር። የአባት እንጀራ ደግሞ የልጅነት ምስጋናን ይጠይቃል።

ምስጋናው የተቋረጠበት ጊዜ ሩቅ አልነበረም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲደረግ የኮሌጁ ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ከዚያም በኋላ በኮሌጁ ዓመታዊ በዓል የሚነበቡት ግጥሞች የድሃውን ኑሮ እያነሡ ሥርዓቱን መንቀፍ ያዙ። በ1955 ዓ.ም. ገደማ የአዳሪነቱ ሥርዓት ተሻረ፤ ተማሪዎቹ በከተማው ውስጥ ቤት እየፈለጉ ለመኖር ተገደዱ። ብዙዎቹም ውሳኔውን እንደ ቅጣት ተመለከቱት።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። አንድ ተቋም የሰውን ሁለንተና በእጁ ከያዘ፣ የሰውን ሁለንተና ሊቀጣም ይችላል። ክርክሩ ስለ ግጥም ሆኖ ሳለ ዋጋው አልጋና እራት ሆነ። ተማሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ የተማረው ነገር፣ እንክብካቤ ዝም ለሚሉ የሚከፈል ደመወዝ መሆኑን ነው። ውጤቱም አሳዳሪዎቹ ካሰቡት የራቀ ነበር፤ በየሰፈሩ የተበተነው ተማሪ የከተማውን ድህነት በቅርብ አየ፤ ቅሬታው ጠነከረ እንጂ አልበረደም። በኋላ ዘመን መኝታ ቤቶቹ ተመልሰው ቢሞሉም የፈረሰው መተማመን ግን አብሮ አልተመለሰም።

ከግቢው ውጭ፦ አገልግሎትና ዘመቻ

የሰው ሁለንተና በምግብና በመኝታ አይፈጸምም፤ ሰው ለሚማረው ነገር ትርጉም ይፈልጋል። በዚህ ረገድ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራበት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሊታሰብ ይገባዋል። ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሄደው፣ አብዛኞቹም በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ግዴታ ሆነ። «ሳይማር ያስተማረን ሕዝብ» የሚለውን አነጋገር ከመፈክር ወደ ሰው ፊት የለወጠው እንዲህ ያለው ኑሮ ነው።

አገልግሎትና ዘመቻ ግን አንድ አይደሉም። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ፣ ስልሳ ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። በርካቶቹ በሙሉ ልብ ሄዱ፤ በርካቶቹም ሸሹ። ከዚያ በኋላ የመጣው የቀይ ሽብር ዘመን ያንኑ ትውልድ በእስርና በሞት በላው። የተረፉት ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ክፍል ተመለሱ፤ በዚያ ዘመን ግን ለእንዲህ ያለው ሐዘን ግቢው ውስጥ የተዘጋጀ ስፍራ አልነበረም። ዝምታውም ራሱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ሸክም ሆነ።

ዕዳ፦ የመስፋፋቱ ዘመን

በ1983 ዓ.ም. በሀገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት፣ የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአርባ በላይ ናቸው። ይህ በታሪካችን ውስጥ ትልቅ ለውጥ ነው። ከአያቶቹ አንዱም ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኗል።

ከመስፋፋቱ ጋር አዲስ ስም መጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የወጪ መጋራትን ሥርዓት ደነገገ። በዚህም መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። እንጀራው ከእንግዲህ የመንደሩ ምጽዋትም የንጉሥ ችሮታም አልነበረም፤ ተማሪው ፈርሞ የሚወስደው ብድር ሆነ።

በመርሕ ደረጃ ይህ ለተማሪው ክብር የሚመች ይመስላል፤ የሚከፍል ሰው መጠየቅ ይችላልና። በተግባር ግን ተማሪው ባለዕዳ ሆኖ ሳለ እንደ ተመጽዋች የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ለተማሪ የተመደበው የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ሆኖ ቆየ፤ ቀጥሎ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር እንዲያድግ ተወሰነ። በእነዚያ ዓመታት የጤፉ፣ የዘይቱና የሽሮው ዋጋ እንዴት እንደ ሮጠ ሁላችንም እናውቃለን። በጀቱ ቆሞ ዋጋው ሲሮጥ፣ ልዩነቱን የተሸከመው የተማሪው ሆድና የወጥ ቤት ሠራተኞች ብልኀት ነበር።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና በሀገር ውስጥ ተጀመረ። ከዚያ በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም የአእምሮ ሐኪም ለመሆን ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት። ሁለቱን ክንውኖች ጎን ለጎን ያቆምኋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በብዛት በተስፋፉበት ወቅት፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማፍራት ገና መጀመራችን ነበር። ስለዚህ በየግቢው ያለው የባለሙያ እጥረት የአንድ አስተዳዳሪ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ሥሩ ከዚህ ይርቃል።

ሌላም አለ። ተማሪዎች በማእከል ተመድበው ከቤታቸው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው ይሄዳሉ። የአብነት ተማሪም ርቆ ይሄድ ነበር፤ ነገር ግን የሚቀበለው መንደር ነበረው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ወላጆቻቸው ተመለሱ። ያ ዓመት ያሳየን፣ በዶርም ጎረቤቱን የሚፈራ ተማሪ ዘንድ ስለ ምግብ ይዘትም ሆነ ስለ ስፖርት የሚሰጥ ምክር ቦታ እንደማይኖረው ነው። የደኅንነት መሠረቱ በሰላም ተኝቶ በሰላም መነሣት ነው።

ታሪኩ የሚጠይቀን

ምጽዋት፣ ችሮታና ዕዳ እያንዳንዳቸው አንድ እውነት ይዘዋል። ምጽዋት ተማሪ የማኅበረሰቡ ሁሉ ልጅ መሆኑን ያውቅ ነበር። ችሮታ ለመማር ሰፊ ማዕድና ጸጥ ያለ መኝታ እንደሚያስፈልግ ተረድቶ ነበር። ዕዳ ደግሞ ተማሪው ጠያቂ ዜጋ መሆኑን በወረቀት ላይ አምኗል። ሦስቱም ያልደረሱበት ስም አንድ ነው፦ ግዴታ። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪው ያለበት፣ በተማሪው ጠባይ፣ ውጤት ወይም አስተሳሰብ የማይለወጥ ግዴታ።

እንዲህ ስል የሚነሣብኝን ተቃውሞ አውቃለሁ። አንድ ባልደረባ «ሀገሪቱ ድሃ ናት፤ የአርባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀለቧ ራሱ ተአምር ነው፤ ግዴታ ብሎ ማወጅ ባዶ ቃል ይሆናል» ሊል ይችላል። ክርክሩ ክብደት አለው። ነገር ግን ያየነው ታሪክ፣ ከባዱ ጉዳት የደረሰው ከድህነት ብቻ እንዳልሆነ ያስተምረናል። የአብነት ተማሪ ከኮሌጁ ተማሪ ይልቅ ይራብ ነበር። የኮሌጁን ተማሪ የሰበረው፣ የሚሰጠው ነገር ከሚናገረው ነገር ጋር መታሰሩ ነው። ይህን ማሰሪያ መፍታት ደግሞ በጀት አይጠይቅም።

ስለዚህ በተግባር የሚከተሉትን ላቅርብ። በመጀመሪያ፣ የተማሪ ምግብና መኝታ ከዲሲፕሊን ኮሚቴ እጅ ይውጣ። ጥፋት ያጠፋ ተማሪ በሥርዓቱ ይጠየቅ፤ ነገር ግን ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ የሚል ሰበብ እራቱን አያስቀርበት። ቀጥሎ፣ የምክር አገልግሎት የሚሰጠው ባለሙያ ለተማሪዎች ዲን የሥነ ሥርዓት ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው አይሁን። ተማሪ የልቡን የሚነግረው ሰው ምስክር እንደማይሆንበት ማወቅ አለበት። በሦስተኛ ደረጃ፣ ታላቁ ለታናሹ የሚያስቀጽልበትን የጥንት ልማድ እናድሰው፤ አዲስ ገቢ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ስሙን የሚያውቅ ታላቅና ስሙን የሚያውቅ መምህር ይኑረው። በመጨረሻም «ማኅበረሰብ» ስንል ወጥ ቤት የሚሠሩትን እናቶች፣ የጥበቃ ሠራተኞችን፣ ፕሮክተሮችንና በደመወዛቸው ወር መድረስ የተሳናቸውን መምህራን እንቁጠር። የደከመ ሰው የደከመን ሰው ሊደግፍ አይችልም።

ውድ ተማሪዎች፣ ለእናንተ የምለው አንድ ነገር አለ። ከእናንተ በፊት የነበሩ ትውልዶች ችግራቸውን መሸከምን እንደ ጀግንነት ቆጥረውታል፤ ያሳለፉት ነገርም ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ጽናት ማለት የተቋምን ጉድለት በራስ ላይ መሸፈን አይደለም። ስትራቡ፣ ስትታመሙ፣ ሐዘን ሲጫናችሁ የምትጠይቁት ነገር ልመና አይደለም። የምትጠይቁት የሚገባችሁን ነው፤ ስትጠየቁም ለሌላው የሚገባውን ስጡ።

ጥያቄዎቻችሁንና ተቃውሞዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።